ለቱርቦ የተላኩ ሽማግሌዎች

የሰው ልጅ አዲስ ነገር ገዝቶ እንደተገዛ መጠቀም አይሆንለትም። ልብ ብላችሁ እዩ። አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ጫማው ገና አቧራ ሳይነካው ሊስትሮ ፊት ተቀምጦ ዙሪያውን ያሰፋዋል፤ ፋብሪካው መስፋቱን ረስቶ የላከለት ይመስል። አዲስ ሱሪ ከሱቅ በቀጥታ ልብስ ሰፊ ቤት ይሄዳል። አዲስ ሶፋ የገባበት ቤት ደግሞ ላስቲኩ አይገለጥም፤ ቤተሰቡ በላብ እየተጣበቀበት ዓመት ይከርማል፤ እንግዳ ሲነሳ ሶፋው አብሮት ሊነሳ ይቃጣዋል። አንዱን እንነካካለን፣ ሌላውን እንሸፍናለን። የቱን መንካት፣ የቱን መሸፈን እንዳለብን ግን ብዙ ጊዜ ይምታታብናል። የጎረቤቴ የከድር ሚኒባስ የወንበሮቿ ላስቲክ ሳይገለጥ ሞተሯ መነካቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ከድር ከእኔ ሱቅ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር የአሰላ ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አምና ነው የራሱን ያገኘው። የራሱን ስል የሚስቱን ማለቴ ነው። ሉባባ ከአባቷ የደረሳትን የኢተያ የስንዴ ማሳ ለአንድ ባለ ኮምባይነር አከራይታ፣ ወንድሞቿን አስቀይማ፣ በዚያ ነው ሚኒባሷን ያመጧት። ስለዚህ ያቺ መኪና በጎማ ትሂድ እንጂ ሥሯ መሬት ውስጥ ነው። ጥሩ ከሠራች ማሳው በጊዜው ወደ ሉባባ ይመለሳል። ካልሠራች እንደገና ይከራያል፤ ለከርሞም፣ ከከርሞ ወዲያም ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ሌላ ሰው ያጭደዋል። ከድር ሲነዳ ይህን ያስባል ወይ ብትሉኝ፣ ሜዳ ላይ ያስባል። ዳገት ላይ ግን አይመስለኝም።

መኪናዋ አዲስ ናት ስላችሁ አዲስ ናት። እኛ ሰፈር መኪና የሚገባው ሌላ አገር አርጅቶ፣ ሌላ ሰው ጠግቦት ነው። ይቺ ግን ከነሽታዋ መጣች። በዚያ ላይ ዋስትና አላት ተባለ። ሉባባ በአጥሩ ላይ ሆና አስረዳችኝ። ለተወሰኑ ዓመታት ሞተሯ በራሱ ጊዜ ቢበላሽ፣ የሸጣት ኩባንያ በራሱ ዕቃና በራሱ ባለሙያ ይሠራታል። ከእኛ የሚፈለገው በየጊዜው አዳማ ካለው ጋራዣቸው ወስዶ ማሳየት ብቻ ነው። ሌላ እጅ ሞተሯን ከነካ ግን ዋስትናው ቀረ። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ልጃቸውን የሚድሩ አባቶች ለአማቻቸው የሚሉት ቃል ነው፤ ብትጣሉ ወደ እኛ ይዘሃት ና፣ ጎረቤት መሀላችሁ አይግባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንን ኩባንያ እንደ ከድር አማት አድርጌ ማሰብ ያዝኩ። ቆይቼ እንዳየሁት፣ እንዲህ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአዳማ የተነሳ ሰው ዴራ ድረስ እያላበው ይመጣል። ዴራን ካለፈ በኋላ መንገዱ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀናል፤ ኢተያ ላይ ሰው ሹራቡን ይፈልጋል፤ አሰላ ሲደርስ ጨርሶ ሌላ አገር ነው። ደጋው ለሰው ብርድ ይጨምራል፣ ለመኪና ትንፋሽ ይቀንሳል። ባዶዋን ሽው የምትል መኪና ሰው ከነኩንታሉ ሲጫንባት ማርሽ እየተቀነሰላት ነው የምትወጣው። የከድር መኪናም እንደማንኛዋም አቃሰተች። ሰውን ያሳቀው አዲስ ሆና ማቃሰቷ ነው። በራቸው በገመድ የታሰሩ አሮጌ ሚኒባሶች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉት ጀመር። አንድ ቀን አብሬ ተሳፍሬ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የሮቤ ነጋዴ፣ «ከድር፣ ይሄ ላስቲክ አፍኗት ይሆናል፤ እስኪ ግለጥላት» አለችው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ጎረቤት ነኝ ብዬ አልቀረሁም።

ሾፌርን ደሀ ብትሉት ይችላል። ዳገት ላይ ስታልፉት ግን አይችልም።

አዳማ ውስጥ አንድ ሰው አለ ተባለ። ጋራዥ የለውም፣ መፍቻ የለውም፣ እጁ ቅባት ነክቶ አያውቅም። ያለው ላፕቶፕና ሽቦ ነው። ሽቦውን ከመሪው ሥር ይሰካና፣ እናንተ ማዶ ካለው ጁስ ቤት አንድ ብርጭቆ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆኖ ይጠብቃችኋል። እንዴት ሆነ ሲሉት፣ ኩባንያው ራሱ አፍኖ ነው የሚሸጣት፣ እኔ የታፈነውን መልቀቅ ብቻ ነው ሥራዬ ይላል። ድሮ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ባለሙያ ነው የሚባለው።

ከድር እንደሰማ አልሮጠም፤ ይህን ልመስክርለት። የሱቄ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ለስላሳ ይዞ፣ ሲያመዛዝን ነው የከረመው። ጉልበት ቢጨመርላት ተጨማሪ ምልልስ ይገኛል፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይሩ መዋል ይቀራል፤ ነዳጅም ትቆጥባለች ብሎታል ባለ ላፕቶፑ። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ብትሆን አማት በር ይዘጋል። ሉባባ ግን መመዛዘን ውስጥ አልገባችም። ተዋት፣ ቀስ ብላ ትውጣ፣ የሚያልፉህም ይለፉ፣ አሰላ እንደሆነ ከቦታው አይሄድም፤ ይህ ነው ቃሏ። እሱ ደግሞ ዋስትና ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወተቷን እስካሁን የቀመሰ ሰው ካለ ጥሩልኝ ይላል። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ብሆን ሚስቴን እሰማ ነበር።»

«እሱን ይተዉት፤ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ሞተሩ ነው።»

ስለ ሞተሩማ ምን አውቃለሁ። ግን ጉልበትና ዋስትና አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ ነገሮች እንዳልሆኑ ይገባኛል። ጉልበት ዛሬውኑ ይታያል። ተሳፋሪው ያየዋል፣ ያለፋችሁት ሾፌር ያየዋል፣ ከአህያ ጋሪው ላይ ሆኖ አቧራችሁን የሚቀምሰውም ያየዋል። ዋስትና ግን የሚታየው ክፉ ቀን ከመጣ ነው፤ ካልመጣ በከንቱ የተሸከማችሁት ዣንጥላ ነው። ጠዋት ፀሐይ እያየ ዣንጥላ ይዞ ከቤት የሚወጣ ስንት ወንድ ታውቃላችሁ? እኔ ባሌን ጨምሮ አላውቅም።

ሄደ፤ አስነካት።

እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መኪናዋ በረረች። ዴራን አልፋ የኢተያን ዳገት ስትወጣ ሜዳ የተዘረጋላት ነው የምትመስለው። እነዚያ ባለ ገመድ በሮች ወደ ኋላ ቀሩ። ላስቲኩን ግለጥላት ያለችው የሮቤ ነጋዴ አሁን ሌላ መኪና ሞልቶ ሲጠራት እንኳ፣ የከድር ትድረስ ብላ መናኸሪያው ውስጥ የምትጠብቅ ሆነች። ለሉባባ የነገራት የለም። ግን ሚስት ናት። ባሏ ከወትሮው ሰዓት ቀድሞ፣ ከወትሮው ይልቅ እየሳቀ ሲገባ ሦስት ነገር ነው የምትጠረጥረው፤ ሁለቱን መርምራ ስታበቃ ሦስተኛው ሞተሩ ነበር። በአጥሩ በኩል መጥታ፣ «እትዬ፣ ነክቷታል» አለችኝ። 

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስንዴ የሚታጨድበት ወራት መጣ፤ ሰውም ኩንታልም የሚበዛበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከድር ጢም አድርጎ ጭኖ ከዴራ ወዲህ ሲወጣ፣ ሞተሩ ውስጥ አንድ ፉጨት ተሰማ። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ፤ ተሳፋሪዎቹ ሬዲዮ ነው ብለው ነበር። ከዚያ ጭስ። ከዚያ መኪናዋ በሰላም ወደ ዳር ወጥታ ቆመች። ያለፋቸው ሚኒባሶች አንድ በአንድ አለፉት፤ አንዳንዶቹ ጡሩምባ ነፍተው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ይባስ ብለው አዝነውለት። በመጨረሻ የስንዴ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር አገኘ፤ ባለቤቱ ተሳቢውን ፈትቶ እስከ ኢተያ ጎተተው። መንገዱ የሚያልፈው በሉባባ ማሳ አጠገብ ነው። የተከራየው ሰው ኮምባይነሩን አስገብቶ እያሳጨደ ነበር። ከድር መሪውን ይዞ፣ በትራክተር እየተጎተተ፣ የሚስቱን ስንዴ ሰው ሲያፍሰው እያየ አለፈ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም አላየኝም፣ የሱቄን መደርደሪያ ነበር የሚያየው።

የሞተችው ቱርቦ የምትባለው ናት። ለሞተሩ አየር የምታናፍስ፣ እጅ መዳፍ ላይ ልትቀመጥ ምንም የማይቀራት ዕቃ ናት አሉኝ። ስትሰበር ግን ብቻዋን አትሰበርም፤ ስብርባሪዋን ሞተሩ ውስጥ ትበትናለች። ይህ ሁሉ ከኪስ ይውጣ ቢባል ማሳው ለስንት ክረምት እንደሚሄድ ሉባባ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ባለ ላፕቶፑ በአንድ ነገር አይታማም፣ የሠራውን ማጥፋት ያውቅበታል። አሰላ ድረስ መጥቶ ሽቦውን ሰክቶ ያስገባውን አወጣ፣ መኪናዋን ኩባንያው እንደወለዳት አድርጎ መለሳት። ከዚያ በጭነት መኪና ተጭና አዳማ፣ የኩባንያው ጋራዥ ወረደች። የተቀበለው ወጣት መሐንዲስ ትሑት ልጅ ነው። ሌላ ሰው ነክቷት ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ከድር አላህን የሚፈራ ሰው ነው፣ በሐሰት አይምልም። «እኔ መንዳት እንጂ የሞተር ነገር አላውቅም» አለው። ይህ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ሸሚዝ ሳይለብሱ ኮት መቆለፍ ነው። መሐንዲሱ መርምረን እናሳውቅሃለን ብሎ ሸኘው።

መጠበቅ ተጀመረ። በዚህ መሀል አሰላ ሥራዋን ሠራች። እኛ ከተማ ወሬ በእግሩ አይሄድም፣ በባጃጅ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ምንም ብታጠፋበት አይረሳም አለ። ሌላው መኪናዋን ውጭ አገር ልከው ነው የሚያስመረምሯት አለ። ከድር ምግብ ቀነሰ። ሉባባ ደግሞ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህ ይቀለው ነበር። ተነስታ ወደ አባቷ ታላቅ ወንድም፣ ወደ ሐጂ አማን ሄደች።

ሐጂ አማን የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ሌላው ቀርቶ ደም የተፋሰሰ ጎሳ ከጎሳ ያስታረቁ ሰው ናቸው። የሉባባን ነገር በጥሞና ሰሙና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። ጥፋት አለ? አለ። የተበደለው ማን ነው? ኩባንያው። እንግዲያው ሽማግሌ ይላካል አሉ። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅ አፈነኝ፤ ኋላ ሳስበው ግን የሚሳቅበት አልመሰለኝም። ሰው አማቱን ሲበድል ሌላ ምን ያደርጋል?

ከድር ሲሰማ ደነገጠ። ሐጂ ዘንድ ሮጦ ሄዶ፣ እባክዎ የላፕቶፑን ነገር አያንሱብኝ፣ እንዲያፋጥኑልኝ ብቻ ይለምኑልኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም ልቡ ረግቶ ተመለሰ። ሽማግሌ ራሱን ሲነቀንቅ ሰማሁህ ማለቱ ነው፤ እሺ ማለቱ እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜው አለማወቁ ይገርመኛል።

የሄዱ ቀን እኔም ለሱቄ ዕቃ አዳማ የምወርድበት ቀን ሆኖ ተገኘ። ሆኖ ተገኘ ነው የምላችሁ። እግረ መንገዴን ገብቼ ጥግ ያለች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የእንግዳ መቀበያው ሰፊ ነው፣ በመስታወት ነው የተከፋፈለው፤ ባለጉዳይ ሞልቶበታል፤ ከመስታወቱ ወዲያ አለቅየው ቁጭ ብሏል። ሐጂ አማን ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር በትራቸውን ይዘው ገብተው መሀል ላይ ቆሙ። ከድር በሩ ላይ ቀረ። መሐንዲሱ ወረቀት ይዞ፣ ፈገግ ብሎ መጣ፤ ወንበር ሳበላቸው።

«አንቀመጥም» አሉት ሐጂ። «የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም።»

«የከድር ቤተሰብ ከሆናችሁማ፣ አባቶች፣ ጥሩ ወሬ...»

«ቆይ ልጄ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ልጃችን በድሏችኋል።»

የመሐንዲሱ ፈገግታ ቀጥ አለ። ወደ መስታወቱ ዘወር ብሎ አለቃውን አየ፣ ባለጉዳዩን አየ፣ ከዚያ ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ይህን እኔ ባልሰማው ነው የሚሻለው» አላቸው።

ሐጂ አማን በዚህ ይበረታሉ እንጂ አይመለሱም። በእሳቸው ዘመን ሁሉ ያስታረቁት ሰው መጀመሪያ አልሰማም ሲል ነው የጀመረው፤ የተቀየመ ሰው ወጉ ነው። «እውነትህን ነው፣ ተቀይመሃል» አሉት። «እኛም የመጣነው ለዚሁ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ባለ ላፕቶፑን፣ ሽቦውን፣ የጨመረውን ጉልበት፣ ኋላ መጥቶ ማጥፋቱን፤ ከድር የጠጣትን ጁስ ሳይቀር። መሐንዲሱ ነገሩን በሌላ ወሬ ሊያቋርጥ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አለቅየው ከመስታወቱ ወዲያ ብድግ ብሎ ቆመ። ከድር ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሐጂ ሲጨርሱ መሐንዲሱ የያዘውን ወረቀት ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ዛሬ ጠዋት ተፈቅዶላችሁ ነበር» አለ። «መርምረን ምንም አላገኘንባትም።»

«አላገኛችሁም?»

«አላገኘንም፣ አባባ።»

እኔ ሐጂ የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው አሁን አገኛችሁ» አሉ። «ደብቆ ከሚበላ ተናግሮ ቢራብ ይሻለዋል። አሁን ይቅር በለን።»

እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ ኩባንያው ግን አይችልም አለ ልጁ። ኩባንያው ማነው፣ ጥራውና እሱንም እንለምነው አሉት። ኩባንያ የሚባል ሰው እንደሌለ ለማስረዳት ያ ልጅ ላቡ ጠብ እስኪል ደከመ። ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም፤ ለነገሩ ለእኔም እስካሁን አልገባኝም። ባለቤት የሌለው ነገር እንዴት ይበደላል? በመጨረሻ ልጁ ከጠረጴዛው ዞሮ መጥቶ የሦስቱንም ትከሻ ሳመ፣ በራሱ ስም ይቅር አለ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። ዋስትናው ግን በቆመበት ቀረ፤ ኩባንያው በነፃ አይሠራትም። ስንወጣ ከድርን ለብቻው ጠርቶ፣ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦዋ ድሮውንም አቅሟ ጫፍ ላይ እየሠራች እንደነበር፣ ባለ ላፕቶፑ የጨመረባት ጉልበት ከዚያች ጫፍ አልፎ እንደገፋት ነገረው። ታፍና ሳይሆን ተጠብቃ ነበር ለካ።

አሰላም ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ ሐጂ ከድርን አፍርሰውት መጡ አለ፤ ግማሹ ሀራም ከማብላት አዳኑት አለ። ሉባባን ጠየቅኳት። «ማሳዬን በሐሰት ከማገኘው በእውነት ባጣው ይሻለኛል ልበል ብዬ ነበር፤ አልወጣልኝም» አለችኝ። ይህችን ልጅ የምወዳት በዚህ ነው።

ሐጂ አማን ግን ተናግሬ ጨረስኩ ብለው አልተኙም። በአርሲ ሂርጳ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው ከብቱ ቢያልቅበት፣ ቤቱ ቢቃጠልበት፣ ዘመድ እየዞረ ያዋጣለታል። ለቱርቦ ተጠይቆ አያውቅም፤ ግን አይጠየቅም የሚልም የለም። ስንዴው ተወቅቶ ሲያበቃ ሐጂ ዞሩ። ከኢተያ ኩንታል መጣ፣ ከሮቤ መጣ፣ ከጢቾ ድረስ አይተናቸው የማናውቃቸው ሰዎች ጭነው መጡ። የተቀየሙት የሉባባ ወንድሞች እንኳ እያጉረመረሙ አመጡ። ኩንታሉ ተሸጦ መኪናዋ ተሠራች፤ ዕቃውን የገጠመውም ያው መሐንዲስ ነው። ማሳውም በውሉ ጊዜ ወደ ሉባባ ይመለሳል።

አሁን ከድር ዳገቱን ሲወጣ ጋቢና ሁልጊዜ አንድ አጎት አለ። ያዋጣ ዘመድ ጋቢና ነው የሚቀመጠው፣ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ሆኗል። ከድር ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ አጎት እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ያሳርፍና «ሱታ፣ ሱታ» ይለዋል፣ ቀስ ማለት ነው። አንዱ ኢተያ ሲወርድ ሌላው ይተካል። ባለ ገመድ በሮቹ ጡሩምባ እየነፉ ያልፉታል። ባለፈው አብሬው ስወጣ፣ ጋቢና የነበሩት ሽማግሌ ለጸሎት ወርደው አፍታ ሲያገኝ ወደ ኋላ ዞረልኝ።

«እትዬ፣ የኩባንያው ዋስትና ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «እሱ ቢያንስ ዓመቱ ሲደርስ ያልቃል።»